የኪስ ዳዊት ለሥራ ሰው፦ የትኛው ይገዛ፣ እንዴት ይደገም

በአብያተ ክርስቲያናት በር ላይና በንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሱቆች ደጋግሞ ከሚጠየቀው ዕቃ አንዱ የኪስ ዳዊት ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሥራ ሰው ነው፤ ሱቁን ከፍቶ እስኪዘጋ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ነጋዴ፣ ለዕድገት የምትወዳደር የባንክ ሠራተኛ፣ ከሳይት ሳይት የሚሮጥ ተቋራጭ። «ትንሹ አለ?» ይላል፤ ሻጩም መዳፍ የማይሞላውን ያወርድለታል። ከዓመት በኋላ ያ ዳዊት የሚገኘው የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ወይም የገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ነው። ንብረት ይጠብቅ ተብሎ ተቀምጧል፤ አልተደገመም። ጥፋቱን ሁሉ በባለቤቱ ስንፍና ላይ መጣል ግን ልክ አይመስለንም። ዐይን የሚያደክም ፊደል፣ ሲከፈት የሚላቀቅ ጥራዝ፣ የተጓደለ ይዘት፣ የሥራ ሰውን ቀን ያላገናዘበ የጸሎት ዕቅድ፣ እነዚህ ተደምረው ዳዊቱን ከእጅ ያወጡታል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለሥራ ሰው የሚሆነው የኪስ ዳዊት በገበያው ላይ ካሉት ሁሉ ትንሹ አይደለም። ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በክር የተሰፋ፣ ጸሎተ ነቢያቱ (ከመዝሙሩ ቀጥለው የሚገኙት የነቢያት ጸሎቶች) ያልተቀነሰበት፣ ሁለት ዕልባት ያለው ቢሆን ይመረጣል። በኮት የውስጥ ኪስና በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ በሸሚዝ ኪስ አይገባም። በሸሚዝ ኪስ የሚገባው ደግሞ ጧት በመብራት ካልሆነ አይነበብም።

ፊደሉን ሱቁ ውስጥ ቆሞ መፈተን ይቻላል። መጽሐፉን ክንድን አጠፍ አድርጎ እንደሚደግሙት ያህል መያዝና መዝሙር 118ን መክፈት ነው። ይህ መዝሙር 176 ቁጥር ስላለው አታሚው ቦታ ለመቆጠብ ፊደሉን ካጣበበ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ካዕብና ሣልስ በደንብ መለየታቸው ይታይ። የ«ሙ» ቅጥያ ከወገቡ፣ የ«ሚ» ከእግሩ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አንባቢውም በየመስመሩ ይደናቀፋል። በግእዝ የሚደግም ሰው ይህን ችግር አብልጦ ያየዋል፤ የአንድ ፊደል ስሕተት «አንተ» የሚለውን «እኔ» ያደርግበታል። ወረቀቱንም ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው። ቀይ ቀለሙ ከጀርባው ገጽ ዘልቆ ከታየ፣ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ቀይ በሌላው ገጽ ጥቁር ጽሕፈት ላይ እየተደረበ ንባቡን ያደፈርሰዋል።

የአሰላለፉም ነገር ቀላል አይደለም። በብራና ዳዊት እያንዳንዱ ሐረግ በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርስ ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል። ይህ ለጌጥ የመጣ ልማድ አይደለም። መስመሩ ሲያልቅ ትንፋሽም ያልቃል፤ ደጋሚው የት እንደሚያርፍ ዐይኑ ይነግረዋል። አንዳንድ የኪስ ኅትመቶች ገጽ ለማትረፍ ሐረጎቹን እንደ ተራ ጽሑፍ አያይዘው ይደረድራሉ። እንዲህ ያለውን መመለስ ነው። ቸኩሎ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በተያያዘ ጽሑፍ ላይ ይሮጣል፤ አሥር መዝሙር ደግሞ አንዱን እንኳ ሳያስተውል ይወጣል።

ጥራዙን ከላይ በኩል፣ ጀርባው ከወረቀቱ የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ወረቀቱ በትናንሽ ክምር ታጥፎ ክምሮቹ በክር ከተያያዙ ይቆያል። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ በሙጫ የተለጠፉ ከሆነ ግን በየቀኑ የሚከፈት መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ መካከሉ ላይ፣ መዝሙር 70 እና 80 አካባቢ ይሰነጠቃል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲተው ሙጫው ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ ላይ ቅጠል ይረግፋል። ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ዳዊት ከማንም ቀድሞ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ይዘቱ ላይ ጠንከር ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሙሉ ዳዊት ማለት 150ው መዝሙር፣ በላዩ ላይ ዳዊት ከወንድሞቹ ታናሽ መሆኑንና ጎልያድን መግጠሙን የሚናገረው 151ኛው፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ በአምስት ክፍል የተከፈለው መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ በሰባቱ ዕለታት የተደለደለው ውዳሴ ማርያምና ሌላው የእመቤታችን ምስጋና አንቀጸ ብርሃን ነው። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመበት መጽሐፍ ራሱ ዳዊት ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሲያሳትመው ከመዝሙሩ ጋር ጸሎተ ነቢያቱንና መኃልዩን አብሮ አውጥቷል። ዛሬ ለማሳነስ ተብሎ ጸሎተ ነቢያቱ የተቀነሰበት ሲገኝ ሊያሳስበን ይገባል። የሥራ ሰው በተለይ የሚያስፈልገው እዚያ ውስጥ ነውና። የሐና ጸሎት ድሀ የሚያደርግም ባለጠጋ የሚያደርግም እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። የዕንባቆም ጸሎት በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ይዘምራል፤ ዕቃው ወደብ ላይ ለቆመበት ነጋዴ ከዚህ የቀረበ ጸሎት የለም። የምናሴ ጸሎት ሁሉ በእጁ የነበረ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ ሲለምን ነው። የእመቤታችን ጸሎትም ባለጠጎች ባዶአቸውን ስለ መሰደዳቸው ይናገራል። እነዚህ ያልገቡበት የኪስ ዳዊት ምንም ያህል ቢያምር አንመክረውም።

ግእዝ ይሁን አማርኛ? ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመው ለትምህርት እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም ውፍረቱ እጥፍ ስለሚሆን የቤት ነው። ዳዊትን በአብነት ትምህርት ቤት ከመምህር እግር ሥር የተማረ ሰው ግእዙን ይያዝ። ያልተማረ ግን በኅትመት ብቻ ግእዝ ደጋሚ እሆናለሁ ማለት አይበጀውም። ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ ተብሎ በደረጃ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባለው የቃላቱ አነባበብ በኅትመቱ ላይ ምልክት የለውም፣ ከመምህር አፍ ነው የሚገኘው። አማርኛውን አስተውሎ መድገም ይሻላል።

ቁጥሩ ላይ ግራ የሚጋቡ አሉ። የግእዙ አቆጣጠር ሰብዓ ሊቃናት የተባሉትን የግሪክኛ ትርጉም ስለሚከተል፣ ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በዳዊቱ 22 ሲሆን በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች 23 ነው። ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ያሉት ቁጥሮች አይለያዩም፤ በመካከሉ አብዛኛው በአንድ ይበላለጣል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ሁሉ በዳዊቱ ቁጥር ናቸው።

አሁን ወደ አደጋገሙ። ዳዊት ከሥራ ሰው እጅ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ዳዊቱ በሙሉ 15 ንጉሥ ነው። በሳምንቱ ሲደለደል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። እሑድ የጸሎተ ነቢያቱና የመኃልዩ ነው። አንድ ንጉሥ በአማርኛ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ሳይሮጡ ለሚደግም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ የሰኞው ሦስት ንጉሥ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። አንድ ሰሞን በልቡ የተነካ ሰው ዳዊት ገዝቶ ሰኞ 30ውን ይደግማል፣ ማክሰኞም ይሞክራል፣ ሐሙስ ስብሰባ ይገባበታል፣ ዓርብ ያለፈውን ለመክፈል 50 መዝሙር ይጠብቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት ዳዊቱ መሳቢያ ይገባል። ያለፈን መዝሙር እንደ ብድር ወለድ እያጠራቀሙ መክፈል ጸሎቱን ሌላ የሥራ ጫና ያደርገዋል። ያለፈው አለፈ፤ የዛሬውን ከዛሬው ክፍል መጀመር ነው።

የዕለቱን ሥርዓት ሳይለቁ ሸክሙን ማቅለል ይቻላል። ዳዊቱን በሦስት ሳምንት ማዳረስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የየዕለቱን አንደኛ ንጉሥ፣ በሁለተኛው ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ሦስተኛውን። ሰኞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ1 እስከ 10፣ በሚቀጥለው ከ11 እስከ 20፣ ከዚያ ከ21 እስከ 30 ይሆናል ማለት ነው። ማክሰኞና ሐሙስም እንዲሁ። ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ንጉሥ ብቻ ስላላቸው በሦስተኛው ሳምንት ክፍት ይሆናሉ። ይህ ክፍተት ይጠቅማል። የዓርብ የመጀመሪያ ንጉሥ መዝሙር 118ን ስለሚይዝ ከሌሎቹ በጣም ይረዝማል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓርብ 118ን ዘልሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ዓርብ ብቻውን መድገም ነው። ባዶዋ ቅዳሜ 151ኛውን ትቀበላለች፤ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት ደግሞ በሦስቱ እሑዶች አምስት አምስት ይደርሳሉ። ሁለት ዕልባት ያስፈልጋል ያልነው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለመዝሙሩ፣ አንዱ ለእሑዱ። የመጠኑን ነገር ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ መወሰን ይገባል፤ የአንዱ ዐቅም የሌላው አይደለምና። ለፍልሰታ ግን ስሌቱ ራሱ የተስማማ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያሉት 15 ቀናት ናቸው፣ በቀን አንድ ንጉሥ ቢደገም ዳዊቱ ከጾሙ ጋር ይፈጸማል።

በተራ መድገም ላይ ይህን ያህል የምንጨክነው በምክንያት ነው። ሥራና ገንዘብ የያዘው ሰው መዝሙር ምረጥ ቢባል የሚመርጠው የሚያጽናናውን ነው፦ 90ን ለጥበቃ፣ 22ን ልብን ለመሰብሰብ። መልካም ናቸው። በተራ ሲደገም ግን ያልተመረጡትም ይመጣሉ። በሁለተኛው ሰኞ መዝሙር 14 ይደርሳል። በእግዚአብሔር ማደሪያ የሚያድረው ለባልንጀራው ምሎ የማይከዳ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር፣ በንጹሑ ላይ መማለጃ የማይቀበል መሆኑን ሲያነብ፣ ያን ቀን ጧት ውል የሚፈርመው ነጋዴ ቆም ማለቱ አይቀርም። በማክሰኞ የመጀመሪያ ንጉሥ 36ኛው አለ፤ ኃጥእ ይበደራል አይከፍልም ይላል። የአቅራቢዎቹን ክፍያ ወር ሁለት ወር የሚያጓትት ድርጅት ባለቤት ይህን በየሦስት ሳምንቱ ማንበቡ ቀላል ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ማክሰኞ 48ኛው ይመጣል፤ ሰው ሲሞት ሁሉን ይዞ እንደማይሄድ፣ ክብሩም ከኋላው እንደማይወርድ ይናገራል።

የረቡዕ ክፍል ስለ ገንዘብ ከሁሉ ይበልጥ ይበረታል። 61ኛው ባለጠግነት ቢበዛ ልብን በእርሱ ላይ እንዳናኖር ይመክራል። 72ኛው ደግሞ በኃጥአን ሰላም ቀንቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት የቀረው ሰው ጸሎት ነው። በእኩያው ቤትና መኪና ልቡ የሚቃጠል፣ «እኔ በንጽሕና ሠርቼ ምን አተረፍሁ?» የሚል ሁሉ ቃል በቃል ራሱን ያገኝበታል። መዝሙሩ ጥያቄውን አያድበሰብሰውም፤ ነገሩ የሚፈታው ግን ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ሲገባ ነው። ከእሑድ ቅዳሴ ርቆ ይህን መዝሙር በቢሮ ብቻ የሚደግም ሰው መልሱን ከግማሽ ያቋርጠዋል።

ዳዊት ሀብትን እንደ ኃጢአት አይቆጥርም። የዓርቡ 111ኛው እግዚአብሔርን በሚፈራ ሰው ቤት ክብርና ባለጠግነት እንዳለ ይናገራል፤ ወዲያውም ያ ሰው በትኖ ለችግረኞች እንደሰጠ ይጨምራል። ሁለቱን ለያይቶ የመጀመሪያውን ብቻ ግድግዳ ላይ መስቀል ልማድ ሆኗል። 126ኛው ቤት ሠሪውን፣ ማልዶ የሚነሣውንና አምሽቶ የሚቀመጠውን ይናገራል። ለምሳ ሰዓት ጸሎት ደግሞ 130ን እንመክራለን። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ልብ እንዳይታበይ፣ ዐይን ከፍ ከፍ እንዳይል የሚለምን ነው። ለዕድገት ቃለ መጠይቅ የሚገባ ሰው በቃሉ ቢይዘው መልካም ነው።

የሚበላሽ ነገር ደግሞ አለ። ዳዊትን ለጨረታ ማሸነፊያ፣ ለተወዳዳሪ መጣያ የሚደግሙ አሉ። 34ንና 108ን መርጠው፣ የንግድ ባላንጣቸውን ስም በልባቸው ይዘው ይደግማሉ። ይህን የሚመክር ሰው ሲገኝ ከእርሱ መራቅ ነው። እነዚያ መዝሙሮች በተራቸው ሲመጡ ይደገማሉ፤ ተራውን የጠበቀ ሰው ከ34 በኋላ 36ን፣ ከ108 በኋላ 111ን ያገኛል። ተነጥለው ሲወጡ ግን መዝሙሩ የምቀኝነት መሣሪያ ይሆናል።

ስልክስ? በስልክ ፊደሉ ይተልቃል፣ በጨለማም ይነበባል። ለሌሊት ተረኛ፣ ለዘበኛ፣ በዐረብ አገር ቤት ውስጥ እየሠራች ለብቻዋ መብራት ማብራት ለማትችል እኅት ትልቅ እርዳታ ነው። ችግሩ ያው ስልክ የደንበኛው፣ የአለቃውና የባንኩ መልእክት የሚመጣበት መሆኑ ነው። በሦስተኛው መዝሙር ላይ የክፍያ መልእክት ብቅ ሲል ልብ ሄደ ማለት ነው። በስልክ የሚደግም ሰው ከመጀመሩ በፊት መስመሩን ሙሉ በሙሉ ያጥፋ፤ መጽሐፉም ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት መሆኑን ያረጋግጥ። አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ በከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖች የተቀዳ ንባብ ቢያደምጡ ነው የሚሻለው፤ መሪ ይዞ ዐይንን ገጽ ላይ ማሳረፍ በራስም በሰውም ሕይወት መጫወት ነው። ከእነዚህ ውጪ ላለው፣ ጧት ስልኩን ሳይከፍት ወረቀቱን ቢከፍት ይሻለዋል። አሥራ አምስት ደቂቃዋ የምትገኘው እዚያች ላይ ነው፤ ታክሲ ውስጥ እደግማለሁ ያለ ሰው ብዙ አይዘልቅም።

ማኅደሩን፣ ማለትም የዳዊቱን መያዣ በተመለከተ፣ ከእውነተኛ ቆዳ የተሰፋው በዝናብም በላብም ይጠብቃል። ሰው ሠራሽ ቆዳው በዓመት ውስጥ ይላጣል፣ የዚፑ ጥርስም የመጽሐፉን ጠርዝ ይበላል። ዚፕ ያለውን ከመረጡ መጽሐፉ በስፋት በኩል ጥቂት ዘና ብሎ መግባቱን ይመልከቱ። በሱሪ የኋላ ኪስ አይያዝ፤ ክብሩም አይደለም፣ ጀርባውም ይሰበራል። ወደ መጸዳጃ ቤት ይዞ መግባት አይገባምና ቢሮ ውስጥ ንጹሕ ቦታ ይኑረው። ቦታው መሳቢያ ሳይሆን ዐይን የሚያርፍበት መደርደሪያ ቢሆን ይመረጣል።

ለተመራቂ፣ ሱቅ ለሚከፍት፣ ለተሾመ ሰው ዳዊት በስጦታ መስጠት የቆየ ደግ ልማድ ነው። ለስጦታ የሚገዛ ሰው የተደጎሰውንና ወርቅማውን ሳይሆን ፊደሉ የሚነበበውን ይምረጥ። ሲሰጥም ዕልባቱን በዚያው ዕለት ክፍል ላይ አድርጎ ይስጥ፤ ረቡዕ ከሆነ 61 ላይ።